የጉበት ቲሹን በአርጂኔዝ-1 አንቲቦዲ መቀባት፦ ለደብረ ብርሃን ከፍታና ብርድ የተስተካከለ ዝርዝር መመሪያ

አንቲቦዲው፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ቲሹ ላይ ለይቶ የሚይዘው ነገር፣ በስንት ወጪ ተገዝቶ ይመጣል። አብሮት ያለው ወረቀት በጥንቃቄ ይነበባል። ሁሉም ነገር በተባለው መሠረት ይሠራል። በመጨረሻ ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲወጣ ግን ሰማያዊ ኑክሊየስ ብቻ ነው የሚታየው፤ አንቲቦዲው መያዙን የሚያሳየው ቡናማ የሚባል ነገር የለም። «አንቲቦዲው የተበላሸ ነው» ተብሎ ሌላ ይታዘዛል። ሁለተኛውም ያው ይሆናል።

አብዛኛውን ጊዜ አንቲቦዲው ጥፋት የለበትም። አብሮት የሚመጣው ወረቀት የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት፣ ክፍሉም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ለሚሞቅበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ90 እና በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው። በኅዳር ማለዳ ደግሞ ማሞቂያ የሌለው ላብራቶሪ ውስጥ ቴርሞሜትር 13 ወይም 14 ቢያሳይ አይገርምም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳታስተካክሉ ሌላውን ብትቀያይሩ ድካም ብቻ ነው።

መመሪያው ለፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ ለተቀበረ) የጉበት ናሙና ነው። አርጂኔዝ-1 አርጂኒንን ወደ ዩሪያና ኦርኒቲን የሚከፍል ኢንዛይም ነው። የጉበት ሴሎች በብዛት ይዘውታል፣ የሐሞት ቱቦ ሴሎች ግን የላቸውም። ስለዚህ አንዱ ስላይድ ራሱ ላይ መቀባት ያለበትም የሌለበትም ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ይህን ዕድል በደንብ ተጠቀሙበት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራውን በሁለት ቀን ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከሰዓት በኋላ አንቲቦዲውን ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጨርሱ።

እነዚህ በእጃችሁ መኖራቸውን አረጋግጡ፦

- እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ለፍሪጁ ደግሞ ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ አንድ ሌላ
- ፕሬዠር ኩከር (ለምግብ የማይውል፣ ለላብራቶሪ ብቻ የተለየ)
- ቲሹ አጥብቀው የሚይዙ ቻርጅድ ስላይዶች
- በ25 ዲግሪ የሚቆም ኢንኩቤተር
- ክዳኑ የሚገጥም ሰፊ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ሶፍት፣ ፓፕ ፔን (ፈሳሽ እንዳይፈስ የሚያግድ እስክሪብቶ)
- ባዮቲን የሌለው፣ በፖሊመር ላይ የተሠራ የማሳያ ኪት

የመጨረሻውን በዋጋ ብላችሁ እንዳትለውጡት። ጉበት በራሱ ብዙ ባዮቲን አለው። በባዮቲን የሚሠራ ኪት ከተጠቀማችሁ አንቲቦዲ ባትጨምሩም ስላይዱ ቡናማ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ሙቀቱን ለኩ

ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩን ክተቱበት። ያሳየውን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ መሐል ሜዳ ላይ ከደብረ ብርሃንም ያነሰ ታገኛላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ከፍ ያለ። ቀጥሎ ክፍሉን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለኩ። «የክፍል ሙቀት» የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ እንደ «25 ዲግሪ» አንብቡት።

ደረጃ 2፦ አንቲቦዲውን ስትቀበሉ

ብልቃጡን ከመክፈታችሁ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ሴንትሪፊውጅ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ፈልጉ።

1. ለፓራፊን ቲሹ እንደሚሠራ ተጽፏል? ለዌስተርን ብሎት (ከቲሹ ወጥቶ የተለየ ፕሮቲን መፈተሻ) ብቻ የተሞከረ አንቲቦዲ ፓራፊን ላይ ላይሠራ ይችላል።
2. የጥንቸል ነው ወይስ የአይጥ? ኪታችሁ ከዚያ ጋር መግጠም አለበት።
3. አርጂኔዝ-2ን እንደማይዝ ተረጋግጧል? ሁለቱ ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።
4. የሚቀመጠው በ4 ዲግሪ ነው ወይስ ከዜሮ በታች 20?

ከዜሮ በታች የሚቀመጥ ከሆነ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉት፤ ደጋግሞ መቀዝቀዝና መቅለጥ ይገድለዋል። በረዶውን በራሱ እያቀለጠ የሚያጸዳ ፍሪዘር አትጠቀሙ። መብራት በሚመላለስበት ቦታ ቱቦዎቹን በቀዘቀዙ አይስ ፓኮች መካከል አስቀምጡ። የማብቂያ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ስትመዘግቡ ይህንን አብራችሁ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ናሙናና ፎርማሊን

እዚህ የተበላሸ ነገር በኋላ በምንም አይድንም።

በርከት ያለ ፎርማሊን አዘጋጁ፤ ቢያንስ የቲሹውን 10 እጥፍ። ለ1 ሊትር፦ ከ37 እስከ 40 በመቶ የሆነውን ፎርማሊን 100 ሚሊ ሊትር፣ ዲስቲልድ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ሞኖሃይድሬት 4 ግራም፣ ውሃ የሌለው ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 6.5 ግራም። ፎስፌቱን አትዝለሉት። ያለ እሱ ፎርማሊኑ አሲዳማ ይሆንና ቲሹው ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይጥላል።

ትልቅ ናሙናን ከ4 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ቁረጡ። የመርፌ ባዮፕሲ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ሌላው 24 ሰዓት ያህል ይቆይ። ከ72 ሰዓት አታሳልፉ። ብርድ ፎርማሊንን ያዘገየዋል፤ ዕቃውን መስኮት ሥር አታሳድሩት።

ናሙናው ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከዓለም ከተማ የሚመጣ ከሆነ ፎርማሊኑ ወደ ናሙናው ይሂድ እንጂ ናሙናው ፎርማሊን ፍለጋ አይምጣ። በቆላ ሙቀት በፋሻ ጨርቅ ተጠቅልሎ መኪና ላይ የዋለ ጉበት ራሱን በራሱ መብላት ይጀምራል። ክዳኑን በፓራፊልም ጠቅልሉና ዕቃውን ሌላ ዕቃ ውስጥ ጨምሩት።

ፎርማሊን የገባበትን ሰዓት በዕቃው ላይ ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ሰዓት መሆኑንም ግለጹ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የሁለቱ ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ ያውም ልክ የባዮፕሲው ዝቅተኛ መቆያ ያህል። ተቀባዩ ተሳስቶ ካነበበ በቂ ሳይቆይ ወደ አልኮል ይገባል።

ደረጃ 4፦ መቁረጥ

ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ቁረጡ። ውሃው ላይ ስትዘረጉት ሽብሽብ እንዳይኖረው አድርጉ፤ በሽብሽቡ ሥር ቀለም ይጠራቀማል። ስላይዱን አቁማችሁ ውሃውን አንጠባጥቡ፣ ከዚያ በ37 ዲግሪ አሳድሩት። ስትጀምሩ ደግሞ በ60 ዲግሪ ለ1 ሰዓት።

ለእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ስላይድ ቁረጡ፤ አንዱ ለአርጂኔዝ-1፣ ሌላው ለኔጋቲቭ ኮንትሮል (ቡናማ መሆን የሌለበት ማነጻጸሪያ)። በየዙሩ አንድ የታወቀ ጤነኛ ጉበት ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ፓራፊኑን ማውጣት

ስላይዱ ከ60 ዲግሪ ሲወጣ ገና ትኩስ እያለ ወደ ዛይሊን ክተቱት። ዛይሊን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ወደ 10 ደቂቃ አሳድጉት፤ ቀዝቃዛ ዛይሊን ሰምን ቀስ ብሎ ነው የሚያሟሟው። ከዚያ 100 በመቶ ኢታኖል ሁለት ጊዜ፣ 95 በመቶ፣ 70 በመቶ፣ በየጊዜው 3 ደቂቃ። በመጨረሻ ዲስቲልድ ውሃ።

ማረጋገጫው ዓይን ነው። ስላይዱን ከውሃው አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ውሃው ቲሹው ላይ እኩል ከተኛ ጥሩ። ነጭ ደመና ወይም ውሃ የማይቀበል ቦታ ካለ ሰም አለ፤ ወደ ዛይሊን መልሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ብርድ ነው ብላችሁ መስኮቱን ዘግታችሁ በዛይሊን አትሥሩ። ሁድ (ተን የሚስብ መሣሪያ) ከሌለ መስኮቱ ይከፈት፤ ጃኬት ይደረብ። ዛይሊን ባለበት ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመሞቂያ አታብሩ፤ ተኑ እሳት ይይዛል።

ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ቲሹው ለደቂቃም ቢሆን መድረቅ የለበትም።

ደረጃ 6፦ አንቲጅን ሪትሪቫል

ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ይሸፍንበታል። ያንን የሚከፍተው ሙቀት ነው። እዚህ ከተሳካላችሁ ሥራው ተጋምሷል፤ ካልተሳካ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወረቀቱ ሌላ ካላለ በፒኤች 9 ጀምሩ። ለ1 ሊትር ትሪስ 1.21 ግራም፣ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ 0.37 ግራም፣ ትዊን 20 ግማሽ ሚሊ ሊትር።

ፒኤቹን ስታስተካክሉ የፈሳሹን ሙቀት ተመልከቱ። ትሪስ ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ ይጨምራል፤ በየዲግሪው 0.03 ገደማ። በ12 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 9.0 ብላችሁ የጨረሳችሁት ፈሳሽ በ25 ዲግሪ ሲለካ 8.6 አካባቢ ነው። ብርጭቆውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፣ 25 ዲግሪ ሲደርስ አስተካክሉ። ፒኤች ሜትሩም በዚያው ሙቀት ይስተካከል።

አሁን ማብሰሉ፦

1. ፈሳሹን በፕሬዠር ኩከሩ ውስጥ ሳትከድኑ አፍሉ።
2. ስላይዶቹን በብረት መያዣ አድርጋችሁ በመቆንጠጫ ክተቱ። ፈሳሹ ቢያንስ በሁለት ጣት ይሸፍናቸው።
3. ክደኑ። ክብደቱ ሽሽ ማለት ሲጀምር ሰዓት ያዙ።
4. 5 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ መመሪያዎች 3 ይላሉ። የውጭው አየር እዚህ ስለሚሳሳ ድስቱ ውስጥም ሙቀቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚደርስበት በጥቂት ዲግሪ ያንሳል፤ ጭማሪው ለዚያ ነው።
5. እሳቱን አጥፉ። ድስቱን ገንዳ ውስጥ አስቀምጡና ቀዝቃዛ ውሃ በክዳኑ ላይ አውርዱ። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክዳኑን አትታገሉት፤ የፈላ ፈሳሽ ፊት ላይ ይረጫል።
6. ከፍታችሁ ስላይዶቹን በፈሳሹ ውስጥ እንዳሉ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዟቸው። ትኩሱን ስላይድ ወደ አየር ካወጣችሁት በሰከንድ ውስጥ ይደርቃል።

ፕሬዠር ኩከር ከሌለስ? በውሃ ባዝ ሞክሩ፤ ግን «20 ደቂቃ» የሚለውን እርሱት። ፈሳሹን አስቀድማችሁ ወደ 88 ዲግሪ አሙቁ፣ ስላይዱን ጨምሩና ከ45 እስከ 60 ደቂቃ አቆዩ። ሙሉ በሙሉ እንዲፈላ አትተዉት፤ አረፋው ቲሹውን ይነቅለዋል። ቲሹ በጣም ለሚነቀልባችሁ ሌላም መንገድ አለ፦ በዚያው ፈሳሽ በ60 ዲግሪ ኦቨን፣ ዕቃውን ከድኖ ማሳደር። እኔ ግን አንድ ፕሬዠር ኩከር ግዙ ባይ ነኝ። ዋጋው ከአንድ ብልቃጥ አንቲቦዲ ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 7፦ መዝጋት

መታጠቢያውን አዘጋጁ፦ በ1 ሊትር ትሪስ 6.05 ግራም፣ ጨው 8.76 ግራም፣ ፒኤች 7.6፣ ትዊን 20 ግማሽ ሚሊ ሊትር። ሶዲየም አዛይድ አትጨምሩበት። አዛይድ ቀለሙን የሚያወጣውን ፐሮክሲዴዝ ያዳክመዋል።

በቲሹው ዙሪያ በፓፕ ፔን ክበቡ። በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ለ10 ደቂቃ ሸፍኑ (30 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ)። ጉበት ደም የበዛበት ነው፤ የቀይ ደም ሴሎች እንደ ፐሮክሲዴዝ የሚሠራ ሄሞግሎቢን ይዘዋል፣ ካልተዘጋም ያለ አንቲቦዲ ቡናማ ይሰጣል። ፐሮክሳይዱ ቲሹው ላይ ምንም አረፋ ካላወጣ አርጅቷልና ሌላ አምጡ። አረፋው በዝቶ ቲሹውን ካነሳው ደግሞ በሜታኖል የተበረዘ 0.3 በመቶ ለ30 ደቂቃ ተጠቀሙ።

ሦስት ጊዜ እጠቡ። ከዚያ 5 በመቶ የፍየል ሴረም ወይም በኪቱ የመጣውን መዝጊያ ለ20 ደቂቃ። ይህን አራግፉት እንጂ አትጠቡት።

ደረጃ 8፦ አንቲቦዲው

አዲስ ብልቃጥ ሁሉ መጠኑ ይፈተሽ። በጤነኛ ጉበት አምስት ስላይድ እንዲህ አድርጉ፦ 10 ማይክሮ ሊትር አንቲቦዲ በ490 ማይክሮ ሊትር ማቅጠኛ፤ ይህ 1:50 ነው። ከእሱ 250 ወስዳችሁ በ250 ማቅጠኛ፤ 1:100። እንዲሁ እስከ 1:800 ውረዱ። በየስላይዱ 200 ማይክሮ ሊትር ይበቃል።

ስትመርጡ በጣም የጠቆረውን አትምረጡ። የጉበት ሴሎች ጥርት ብለው ቡናማ የሆኑበትን፣ በጎናቸው ያለው የሐሞት ቱቦ ግን ንጹሕ የቀረበትን ምረጡ።

ለኔጋቲቭ ኮንትሮሉ ማቅጠኛ ብቻ አትጨምሩ። ከአንቲቦዲው ጋር አንድ ዓይነት እንስሳ፣ በተመሳሳይ መጠን፣ ምንም የማይዝ ኢሚዩኖግሎቡሊን (አንቲቦዲ) ጨምሩ።

ዕቃው ሥር እርጥብ ሶፍት አንጥፉ። ስላይዶቹን በሁለት ዘንግ ላይ አጋድሙ፣ ክደኑ፣ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። ለ1 ሰዓት በክፍል ሙቀት ከማድረግ ይህን የምመርጠው በአንድ ምክንያት ነው፦ የፍሪጅ 4 ዲግሪ እዚህም ባሕር ማዶም ያው 4 ዲግሪ ነው። ችኮላ ካለ ግን ለ1 ሰዓት በ25 ዲግሪ ኢንኩቤተር።

የደብረ ብርሃን አየር በበጋ ደረቅ ነው። ዕቃው በደንብ ካልተከደነ የፈሳሹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሸሻል። በማግስቱ በቲሹው ዳርና ዳር የጠቆረ ቀለበት፣ መሐሉ ደግሞ የገረጣ ሆኖ ታዩታላችሁ። ያንን ዳር አታንብቡት።

ደረጃ 9፦ ቀለሙን ማውጣት

ጠዋት ዕቃውን ሳትከፍቱ ለ30 ደቂቃ በኢንኩቤተር አሙቁት። ሦስት ጊዜ እጠቡ። ፖሊመሩን (አንቲቦዲውን የሚይዘውን፣ ፐሮክሲዴዝ የተሸከመውን የኪቱን ፈሳሽ) በ25 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ። እንደገና እጠቡ።

ዳቡን (ቡናማውን ቀለም የሚሰጠውን ፈሳሽ) ከመጠቀማችሁ በፊት አዘጋጁና ወደ 25 ዲግሪ አምጡት። ቅንጣት ካለበት አጣሩት። የመጀመሪያውን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋችሁ ጨምሩ። በመጀመሪያው ደቂቃ ሴሎቹ ሻይ የነካቸው ይመስላሉ። ቀጥሎ ሳይቶፕላዝሙ በቅንጣት ሳይሆን በአንድነት ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜ ኑክሊየሱም አብሮ ቡናማ ይሆናል። ጤነኛው ጉበት የበቃው ሲመስላችሁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ነው። ሌሎቹ ሁሉ በዚያው ደቂቃ ይቁሙ። የደከመውን ስላይድ ለብቻው ማቆየት ራስን ማታለል ነው።

ዳብ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነው። ጓንት አድርጉ። ትርፉን ገንዳ ውስጥ አትድፉት፣ በረኪናም አትጨምሩበት፤ ሌላ ጎጂ ነገር ይፈጥራል። ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስቡና ከአደገኛ ኬሚካል ቆሻሻ ጋር አስወግዱ።

ደረጃ 10፦ ሄማቶክሲሊንና መሸፈን

ሜየር ሄማቶክሲሊን (ኑክሊየሱን ሰማያዊ የሚያደርገው ቀለም) ለ30 ሰከንድ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ በኑክሊየሱ ውስጥ ያለው ቡናማ በሰማያዊው ይዋጣል። በቧንቧ ውሃ 5 ደቂቃ፤ ከዚያ አልኮሉን ከ70 ወደ 100 በመቶ፣ ዛይሊን፣ በመጨረሻ ዲፒኤክስ (መሸፈኛውን መስታወት የሚያጣብቀው ሙጫ)።

ማንበብ

በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ጤነኛው ጉበት፤ ቡናማ ካልሆነ ሌላውን አትዩ፣ ዙሩ ወድቋል። ሁለተኛ የሐሞት ቱቦው፤ ቡናማ ከሆነ አንቲቦዲው በዝቷል። ሦስተኛ ኔጋቲቩ። በመጨረሻ ናሙናው።

ኒውትሮፊሎችም (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) አርጂኔዝ-1 አላቸው፤ ተበታትነው ቡናማ የሆኑ ትንንሽ ሴሎች ስታዩ አትደንግጡ። የጉበት ሴል የራሱ ቡናማም አለው፦ ሊፖፈስሲን፣ ሐሞት፣ ብረት። ኔጋቲቩ ላይ በተመሳሳይ ቦታ ከታየ የአንቲቦዲው አይደለም። ዕጢ ከጉበት ሴል መነሣቱን ለመወሰን ደግሞ አንድ አንቲቦዲ አይበቃም፤ ፓቶሎጂስቱ ከሌሎች ማርከሮችና ከመደበኛው ቀለም ጋር አብሮ ያየዋል።

ሲበላሽ

*ምንም ቡናማ የለም፣ ጤነኛው ጉበት ላይም።* ትርፍ ፖሊመርና ዳብ በቱቦ ውስጥ ጠብታ በጠብታ ቀላቅሉ። ከጠቆረ ኪቱ ደህና ነው፤ መታጠቢያው ውስጥ አዛይድ አለመኖሩን እዩና ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ካልጠቆረ ኪቱ ሞቷል።

*ጤነኛው ቡናማ ሆኖ ናሙናው አልሆነም።* ናሙናው ላይ ዕጢ ያልነካው የጉበት ክፍል ካለ እሱን ተመልከቱ። እሱም ቡናማ ካልሆነ ችግሩ ፎርማሊን ነው። እሱ ቡናማ ሆኖ ዕጢው ካልሆነ ግን ያ ውጤት ነው።

*ሁሉም ቡናማ ሆነ።* ኔጋቲቩም ከሆነ ፐሮክሳይዱን ወይም ባዮቲኑን ጠርጥሩ። ኔጋቲቩ ንጹሕ ከሆነ አንቲቦዲውን አቅጥኑ።

*ቲሹው ተነቀለ።* ስላይዱ ቻርጅድ መሆኑን፣ በ60 ዲግሪ መቆየቱን፣ ፈሳሹ ኃይለኛ አለመፍላቱን እዩ።

መብራት ከሄደ

ሰም ያልወጣለት ስላይድ ቀን ቢያድርም ግድ የለም። ሪትሪቫል መሐል ከሆነና ፕሬዠር ኩከሩ ገና ሽሽ ካላለ በጋዝ ምድጃ ቀጥሉ፤ ምድጃውን ግን ዛይሊንና አልኮል ከሌለበት ክፍል ውሰዱት። 5 ደቂቃው ካልሞላና ሌላ ምድጃ ከሌለ ያንን ዙር «አልተሟላም» ብላችሁ መዝግቡ፣ በአዲስ ስላይድ ድገሙ። ከሪትሪቫል በኋላ ከሆነ ስላይዶቹን በመታጠቢያው ውስጥ አስጥማችሁ ከድኑ፤ እዚያው ቢያድሩ አይጎዱም። አንቲቦዲ ላይ ካደሩ የፍሪጁን ቴርሞሜትር አንብቡ። በሌሊት ከ8 ዲግሪ በላይ ካልወጣ ቀጥሉ። ከወጣ ጤነኛው ጉበትና የሐሞት ቱቦው ይፍረዱ። ዳብ ከወጣ በኋላ ግን አትጨነቁ፤ ስላይዱን ውሃ ውስጥ ትታችሁ መብራቱ እስኪመጣ ጠብቁ።